ዘር ከልጓም ይስባልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ተረቱ የተነገረው ለወገን ፍቅርና ለዝምድና ጽናት ነበር፤ ዛሬ ግን ከቦታው ወጥቶ በበሽተኛ ላይ የሚወርድ ፍርድ ሆኖ እናገኘዋለን። በሐና ማርያም ሰፈር ቡና ከሚጠጣባቸው ደጃፎች በአንዱ ብትቀመጡ ጣቶቻቸው ያበጡና ወደ ጎን የተጣመሙ፥ ስኒውን በሁለት እጅ ካልሆነ ማንሣት የማይችሉ እናት ማየት ብርቅ አይደለም። «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከሦስቱ አያልፍም። አንዱ «ብርድ ገብቷቸው ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሪህ ነው» ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዘራቸው ነው፤ እናታቸውም እንዲህ ነበሩ» ይላል።

ይኸ ሦስተኛው መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጎጂ ነው። ጎጂ የሆነበትም ምክንያት ፈጽሞ ሐሰት ስላይደለ ነው። ፈጽሞ ሐሰት የሆነ ነገር ቢዘገይም ይጋለጣል፤ እኩሌታው እውነት የሆነ ነገር ግን ዕድሜው ረጅም ነው። «በዘር ነው» የተባለ በሽታ ሐኪም የማይነካው ዕጣ ተደርጎ ስለሚቆጠር እናቲቱ ሕክምና ሳትሻ ቤት ትቀራለች። ልጂቱም ለጋብቻ በታጨች ጊዜ «የዚያ ቤት ልጅ ናት» ይባልባታል። እንግዲህ አንድ ቃል በአንድ ጊዜ እናትን ከሕክምና፥ ልጅን ከትዳር ያስቀራል ማለት ነው። እኔ በዚህች ጽሑፍ የምከራከረው ዘር ዝንባሌን እንጂ ፍርድን እንደማያወርስ ለማስረዳት ነው። ለዚህም የሚሆን ማስረጃ ከገዛ አገራችን አፈር ላይ አለን።

በመጀመሪያ በሽታውን ከሌሎች እንለየው። ሕዝባችን «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» በሚለው ስም ብዙ በሽታዎችን በአንድ ገመድ ያስራል። አንደኛው ዕድሜና ከባድ ሥራ የጉልበትንና የወገብን መገጣጠሚያ ሲበሉት የሚመጣው ነው። ሌላው ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ብናኝ ሆኖ የሚያቃጥለው፥ ብዙ ጊዜም ከእግር አውራ ጣት የሚጀምረው ነው። እኛ የምንነጋገርበት ግን የመገጣጠሚያ ብግነት የሚባለው ወገን ነው። በዚህ በሽታ ሰውነት ከተሕዋስያን እንዲጠብቁት ያቆማቸው ዘበኞች ተሳስተው የገዛ ጌታቸውን ቤት ይወጋሉ። ከነዚህ በሽታዎች ዋነኛው ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይባላል።

ምልክቱም ግልጥ ነው። የሁለቱም እጆች ትንንሽ አንጓዎች ያብጣሉ፤ ጧት ከእንቅልፍ ሲነሡ ጣቶች አልታዘዝ ይላሉ፤ ይኸም መገተር ግማሽ ሰዓት፥ አንድ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። ድካሙ መላ ሰውነትን ይይዛል። በብዙ አገሮች በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከጎልማሶች መካከል ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ይይዛል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል። የአሮጊቶች በሽታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ዕድሜ የሚጀምረውም አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእናቶቻችን ብቻ ሳይሆን የኛም ነው።

አሁን ወደ ዘሩ ነገር እንመለስ። ሰው ከአባቱና ከእናቱ ከሚወርሳቸው ክሮሞሶሞች መካከል በስድስተኛው ላይ ኤች.ኤል.ኤ. የሚባል የጂኖች መንደር አለ። የነዚህ ጂኖች ሥራ የፕሮቲን ቁራጮችን እያነሡ ለሰውነት ዘበኞች ማሳየት ነው፤ ዘበኛውም ያየውን መርምሮ «ይኸ የቤት ነው፥ ይኸ የውጭ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በለንደንና በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ሐኪሞች አከርካሪን የሚያገትረው የብግነት በሽታ ቢ27 ከተባለው የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነት ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳለው አሳዩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 ፒተር ስታስትኒ ዲ.አር.4 የተባለው ዓይነት በሩማቶይድ አርትራይቲስ ሕሙማን ላይ በዝቶ እንደሚገኝ ገለጠ። በ1987 ደግሞ ፒተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ፥ በስም የሚለያዩት ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ ዓይነቶች በአንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ የሆነ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት እንደሚጋሩ አስረዱ። ስለዚህ «ዘር ምንም የለበትም» ብሎ የሚከራከር ሰው ከሣይንስ ጋር መጣላቱ ነው።

ዳሩ ግን የቀረውን እኩሌታም ማንበብ ይገባል። ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንታዎች ጂናቸው አንድ ነው። ዘር ብቻውን ፈራጅ ቢሆን ኖሮ አንደኛው በታመመ ጊዜ ሁለተኛውም መታመም ነበረበት። በ1993 በእንግሊዝ አገር የታተመ የመንታዎች ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ አንደኛው ሩማቶይድ አርትራይቲስ ሲይዘው ሌላውም ተይዞ የተገኘው ከመቶ በ15ቱ ብቻ ነበር። ጂናቸው በከፊል በሚለያይ መንታዎች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ ወደ 4 ይወርዳል። የ15ና የ4 ልዩነት ዘር እንዳለበት ይመሰክራል። ከመቶ 85ቱ ያንኑ ዘር ይዘው አለመታመማቸው ደግሞ ዘር ብቻውን እንዳልሆነ ይመሰክራል። ቢ27 የተባለውንም ዓይነት ከሚሸከሙት ሰዎች አብዛኛዎቹ ወገባቸው ሳይገተር ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ከላይ የጠቀስሁት የአገራችን ማስረጃ ዝሆኔ ነው። ይኸ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ከወላይታ እስከ ጎጃም በብዙ ደጋና ወይና ደጋ አገር ይገኛል፤ የተጠቂዎቹም ቁጥር በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ስለ ዝሆኔ የሚባለው ስለ ሪህ ከሚባለው ይብሳል፤ «የነእገሌ ቤት በሽታ ነው» እየተባለ ሰው ከሰንበቴና ከሠርግ ተለይቷል፥ ልጆቹም ለትዳር ተጠልተዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ባዶ እግርን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ማዋል የበሽታው ምክንያት መሆኑን ባደረገው ብዙ ጥናት አስረዳ። እንግዲህ አፈሩ ነው ተባለ። ነገር ግን በዚያው አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚውሉት መካከል የሚታመሙት ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ ሌላ ጥያቄ ተነሣ።

ይኸንን ጥያቄ ለመመለስ በወላይታ ቤተ ሰቦች ላይ ምርመራ ተደረገ። በ2007 የታተመው ውጤት፥ በሰዎች መካከል በተጋላጭነት ለሚታየው ልዩነት ዘር የሚይዘውን ድርሻ ከመቶ 63 እጅ አድርጎ ገመተው። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ጂኖቹን ፈልገው አገኟቸው፤ ጽሑፋቸውም በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ጂኖቹ የተገኙት የት ነው ቢባል፥ ለሩማቶይድ አርትራይቲስ የሚያጋልጡት በሚገኙበት በዚያው በኤች.ኤል.ኤ. መንደር ውስጥ ነው!

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከመቶ 63 የሚያህል ድርሻ ለዘር ተሰጥቶት ሳለ በሽታውን የሚከለክለው ምንድን ነው? ጫማ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የተደረገለትና እግሩን በውኃና በሳሙና የታጠበ ልጅ የእናቱን ጂን ይዞ እንኳ ከዝሆኔ ሊድን ይችላል። ጂኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በእግሩና በአፈሩ መካከል ያለው ነገር ነው። «በዘር ነው፥ ምን ይደረግ!» ብለን እጃችንን አጣጥፈን በተቀመጥንበት ዘመን ሁሉ የጎደለው መድኃኒት የጫማ ዋጋ ነበር። ዘር ይስብ ይሆናል፤ ልጓሙም ግን በእጃችን ነበር።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ለዝሆኔስ ጫማ አለው፤ ለእናቶቻችን ጣት ጫማው ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው ትክክለኛ ነው እላለሁ። ሩማቶይድ አርትራይቲስን እንደ ጫማ ፈጽሞ የሚከለክል ነገር እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ የጫማው ክፍሎች በእጃችን አሉ።

የመጀመሪያው ሲጋራ ነው። በ2006 በስዊድን አገር የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፥ ከሁለቱም ወላጆቹ አጋላጩን የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነት ወርሶ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፥ አጋላጩን ሳይወርስ ከማያጨሰው ይልቅ አንደኛው የሩማቶይድ አርትራይቲስ ዓይነት የመያዙ ነገር 21 እጥፍ ይሆናል። ጂን ብቻውን ወይም ጭስ ብቻውን ይኸን አያደርግም፤ ሁለቱ ሲጋቡ ነው እሳቱ የሚነሣው። በመኝታ ቤታችን በረንዳ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ጓደኛ፥ በተለይም እናቱ ወይም አክስቱ በዚህ በሽታ የተያዙበት፥ ይኸንን ቁጥር ቢያስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ይኸ በሽታ አጥንትን የሚበላው ከዓመታት በኋላ ሳይሆን ከጅምሩ፥ በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። ዕብጠቱ በጀመረ በጥቂት ወር ውስጥ ሐኪም ዘንድ የደረሰች እናት ጣቶቿ ሳይጣመሙ ልትኖር ትችላለች፤ በአምስተኛው ዓመት የደረሰች ግን የተጣመመው አይቃናላትም። ዋነኛው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለዚህ በሽታ በሰፊው ሲሠራበት የኖረ አሮጌ መድኃኒት ነው። የሚወሰደው በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ተሳስቶ በየቀኑ ቢወስደው ሊገድል ይችላል። ደምና ጉበት እየተመረመረ መወሰድ አለበት፤ እርጉዝ ሴት ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ይኸ ሁሉ ሐኪም የሚፈልግ ነገር ነው እንጂ ጎረቤት የሚያዘው አይደለም።

ይኸ ባልታወቀበት ቦታ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሕመሙ የጠናባት ሴት ወደ መድኃኒት ቤት ትሄድና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፕሬድኒሶሎን ወይም የዴክሳሜታዞን መርፌ ታገኛለች። በማግሥቱ ሕመሙ ይጠፋል፤ «እንዴት ያለ መድኃኒት ነው!» ትላለች። መድኃኒቱ በሐኪም እጅ በልክ ሲሰጥ ጥቅም አለው። ያለ ልክና ያለ ተቆጣጣሪ ለወራት ሲወሰድ ግን ፊት ያሳብጣል፥ የደም ስኳርና የደም ግፊት ያስነሣል፥ አጥንት ያሳሳል፤ ሕመሙ ቢታገሥም የአንጓው መበላት በስውር ሊቀጥል ይችላል። ወደ ጠበል መሄድን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። እምነት ያላት እናት ትጠመቅ፤ ማንም አይከልክላት። ጠበልና መድኃኒት ግን ስላልተጣሉ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ቀጥሎ የጋብቻውን ነገር እናንሣ። የሰፈራችን ስም የእናትንና የልጅን ስም አጣምሮ የያዘ ነው፤ ሐና እናት ናት፥ ማርያም ልጅ ናት። ሕዝባችንም «እናቲቱን አይተህ ልጂቱን አግባ» ይላል። ምክሩ ለጠባይና ለአስተዳደግ ከሆነ ክፉ አይደለም፤ የእናቲቱን ጣት አይቶ ልጂቱን ለመተው ከሆነ ግን ሒሳቡን ለማያውቅ ሰው ብቻ የሚመች ምክር ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከላይ እንዳልሁት በሽታው ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ይይዛል። እናቱ፥ አባቱ ወይም እኅቱ የታመመችበት ሰው አደጋው ወደ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ከመቶ አንዱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ሦስት ነው። ስለዚህ የታማሚ እናት ሴቶች ልጆች መቶ ቢሆኑ ወደ 97 የሚጠጉት በዚህ በሽታ ሳይያዙ ይኖራሉ። ለሦስቱ ሲባል መቶዎቹን ከደጅ መመለስ ግፍ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ በጊዜ ከታከሙ ሚስትና እናት ከመሆን የሚከለክላቸው ነገር የለም።

አንዳንድ ሰው ይኸንን ከሽማግሌዎቻችን የሰባት ቤት ቆጠራ ጋር ያደባልቀዋል። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ሙሽሮቹ እርስ በርሳቸው ሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ ነው እንጂ የሰውን ቤት በሽታ ለመበርበር አይደለም። ልማዱን የሚያከብር ሰው በልማዱ ውስጥ የሌለውን ነገር አይጨምርበት።

ሌላም ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ። «ዘር» የሚለው ቃል በዛሬው ቋንቋችን ሌላ ክፉ ትርጉም ተሸክሞ ይዞራል፤ ሰውን ከሰው የሚለይበት አጥር ሆኗል። ለብግነት የሚያጋልጡት ጂኖች ግን ይኸንን አጥር አያውቁም፤ በልዩ ልዩ ሕዝቦች መካከል፥ በጤነኛውም በታማሚውም ደም ውስጥ ይገኛሉ። «የእገሌ ብሔረሰብ በሽታ» የሚባል የመገጣጠሚያ ብግነት የለም።

ሆኖም ከአገር ወደ አገር የጂኖቹ ብዛት ስለሚለያይ ምርመራውን በራሳችን ሰዎች ላይ ማድረግ ግድ ይሆንብናል። በ2014 ስለ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ጂኖች የወጣው ታላቅ ጥናት ከ100,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 101 የጂን ስፍራዎችን ዘርዝሯል፤ የተመረመሩት ሰዎች ግን ትውልዳቸው ከአውሮፓና ከእስያ ነበር። በ2004 የተገኘውና በአውሮፓውያን ዘንድ ከኤች.ኤል.ኤ. ቀጥሎ የሚጠራው ፒ.ቲ.ፒ.ኤን.22 የተባለው ጂን አጋላጭ ቅርጽ በአፍሪካ የለም ለማለት ይቻላል። ቢ27ም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ወገቡ የሚገተር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት «ቢ27 የለብህም» ስለተባለ ብቻ ከበሽታው ነጻ ነው ሊባል አይገባም። በሌላ ሰው እግር የተለካ ጫማ ለኛ ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል።

ራሳችንን መመርመር ፍሬ እንዳለው አንድ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፥ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29ኙ መድኃኒትን የሚያብላላው ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለው ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። ይኸ ጂን ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ነው፤ ጂኑ የተደራረበበት ሰው ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ሊበዛበት ይችላል። ይኸ እውቀት ከውጭ አገር በተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ ብቻ አይገኝም ነበር። ሰው አለን፤ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በከተማችን ውስጥ ነው። የጎደለው ጥያቄውን የሚጠይቅ ተማሪ ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን በእንግሊዝኛ ያጠኑትን ይኸንን ትምህርት በአንድ ገጽ አማርኛ፥ ለዕድርና ለጽዋ ማኅበር እንዲነበብ አድርገው ይጻፉት፤ ማኅበራችንም ያባዛው። የባዮሎጂ ተማሪዎች «በዘር ነው» የሚለው ቃል በተነሣበት ስፍራ ሁሉ «ጫማውስ?» ብለው ይጠይቁ። የቀረነው ደግሞ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እናቶቻችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። «እማዬ፥ ጧት ስትነሺ ጣትሽ ለመታጠፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» እንበል። መልሱ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነና አንጓው ካበጠ፥ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰውን ወረቀት ይዘን አብረናት እንሂድ። ከከተማው ደቡብ ጫፍ ተነሥቶ የስፔሻሊስት ወረፋ መጠበቅ ለታመመች ሴት ብቻዋን ከባድ ነው፤ ለጤነኛ ልጅ ግን የአንድ ቀን ድካም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የአባቶቻችን ተረት ነው። ከሁለቱ ተረቶች አንዱን ለእናቶቻችን እንድንመርጥ ብንጠየቅ፥ እኔ ይኸንን እመርጣለሁ።